ነገ ዓኮ ስንገባ ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩት

(በሰሜን እስራኤል ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ዓኮ ለጉብኝት ልንሄድ ባለንበት ዋዜማ፣ ሐሙስ ምሽት፣ በሰፈራችን አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙም ሳልነካካው እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ? ሻሎም። የተከበራችሁ ቄሶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆችም፣ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ።

ነገ ጠዋት ዓኮ እንሄዳለን። «አንተ እዚያ ስለምትሠራ ስለ ከተማው ትንሽ ንገረን» ተብዬ ነው የቆምኩት። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ድንጋይ ጠጋኝ ነኝ። በአሮጌው ከተማ ግንብ ላይ ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምነግራችሁም እጄ የሚያውቀውን ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ዓኮ በከተማ ላይ የተሠራች ከተማ መሆኗን። ሁለተኛ፣ ድንጋይና ኖራ እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ። ሦስተኛ፣ በዚያ ግንብ ውስጥ ዛሬም ሰው እንዳለ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሡኝ።

ሰው ዓኮ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ሑሙስ የሚባለውን የሽምብራ ምግብ ይበላል፣ ባሕሩን ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰድንበት ጊዜ፣ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያረፍነው ከዓኮ ወጣ ብሎ በነበረ የካራቫን፣ የጊዜያዊ ቤቶች ሰፈር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓርብ ዓርብ ዓሣ ሊገዛ ወደ አሮጌው ከተማ ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግንቡን ሲያይ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። እኔ ልብሱን እየጎተትኩ «እንሂድ» እለዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። ከዚያ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና «ይኼ እኮ የጎንደር ነው» አለኝ።

የጎንደር አይደለም። አባቴ ግን አልተሳሳተም። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነገር ልግባ። ዓኮ አዲስ ስም አይደለችም። በኦሪታችን፣ በመሳፍንት ምዕራፍ 1፣ የአሴር ነገድ ያላስለቀቃቸው ከተሞች ሲቆጠሩ ዓኮ አለች። ያን ያህል ጥንታዊ ናት። ነገ የምታዩት ግን በዋናነት የሁለት ዘመን ሥራ ነው፣ የመስቀል ጦረኞችና የቱርክ ዘመን። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ።

የመስቀል ጦረኞቹ፣ ከአውሮፓ የመጡት ክርስቲያን ተዋጊዎች፣ ከተማዋን በ1104 ያዙ። በ1187 የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሰላሃዲን ወሰደባቸው። በ1191 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊልጶስ መልሰው ያዟት። ኢየሩሳሌም ከእጃቸው ስለወጣች፣ ለመቶ ዓመት ያህል ዋና ከተማቸው ይቺ ሆነች። የጣሊያን ነጋዴዎች፣ ከቬኒስም ከጄኖቫም ከፒዛም የመጡት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። በ1291 ግብፅን ይገዙ የነበሩት የማምሉኮቹ ሱልጣን አል-አሽራፍ ኸሊል ገባና ከተማዋን አፈራረሳት። ጦረኞቹ ተመልሰው እንዳይመጡ ነው። ከዚያ በኋላ ዓኮ ለረጅም ዘመን ፍርስራሽ ሆና ቀረች።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሂር አል-ዑመር የሚባል የገሊላ ገዥ መጣና ቅጥሯን አስነሣ። ከእሱ በኋላ፣ በ1775፣ አሕመድ ፓሻ አል-ጃዛር ተተካ። ጃዛር ማለት አራጅ ማለት ነው። ስሙ ጭካኔውን ይነግራችኋል። ብዙ ያስገነባውም ግን እሱ ነው። አረንጓዴ ጉልላት ያለው መስጊድ፣ በ1781 የተሠራው፣ የእሱ ነው። የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሐማሙም የእሱ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ሲገነቡ ፍርስራሹን ጠርገው አላወጡም። የቀድሞዎቹን አዳራሾች በአፈርና በስብርባሪ ድንጋይ ሞሉና መሠረት አደረጓቸው። ከላይ ግንብ አቆሙባቸው። ሰው ከላይ ኖረ፣ ነገደ፣ ልጅ ዳረ። ከእግሩ ሥር ሌላ ከተማ እንዳለ ብዙው አያውቅም ነበር።

ነገ መጀመሪያ የምንገባው ሆስፒታለር የሚባሉት መነኮሳት ጦረኞች ወደነበሩበት አዳራሽ ነው። እዚያ ስትገቡ ቀና በሉ። ምሰሶዎቹ ክብ ናቸው፣ የአንዱ ውፍረት ሦስት ሜትር ያህላል። ቅስቶቹ ከምሰሶው ላይ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ጣሪያውን ይሸከማሉ። ማዕዘኑ ላይ የተቀረጸ አበባ አለ፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት ነው። ይህ ቦታ የመመገቢያ አዳራሽ ነበር። ሰዎች ግን ለረጅም ጊዜ «የምድር ውስጥ ቤተ ጸሎት» እያሉ ይጠሩት ነበር። ለምን? እስከ ምሰሶው አናት ድረስ በአፈር ተሞልቶ ስላገኙት፣ ከመጀመሪያውም ከመሬት በታች የተሠራ መስሏቸው ነው። አፈሩ ሲወጣ ወለሉ ከታች፣ እጅግ ከታች ተገኘ።

እኔ መጀመሪያ እዚያ የገባሁት ሥራ ስጀምር ነው። የአዳራሹ ድንጋይ ላይ የመሮው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አግድም የሄደ፣ የተጠጋጋ፣ እኩል የሆነ ጭረት። የአንድ ሰው ክንድ ያረፈበት ነው። ስምንት መቶ ዓመት ዝናብ አልነካው፣ ጨው አልነካው፣ ፀሐይ አላየው። አፈሩ አቅፎ አቆየው። ያ ከተማ ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር? አንድም ነገር። የተረፈው ስለተቀበረ ነው። የተረፈው በላዩ ላይ ሰው ስለኖረበት ነው።

ሌላም ላጫውታችሁ። በ1994 የአንድ ቤት ሽንት ቤት ተዘጋ። የፍሳሽ መስመር ነው የተዘጋው። ነዋሪዋ አመለከተች፣ ሠራተኞች መጥተው ቆፈሩ። ምን አገኙ? ዋሻ አገኙ። 350 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቴምፕላር የሚባሉት ጦረኞች ከምዕራብ በባሕሩ ዳር ከነበረው ምሽጋቸው እስከ ምሥራቁ ወደብ የሠሩት መተላለፊያ። ከታች ዓለቱ ተፈልፍሎ፣ ከላይ በተጠረበ ድንጋይ ተቀስቶ። ከተማው በሙሉ ከላዩ ይመላለስ ነበር፣ ማንም አያውቅም። ነገ በዚያ እናልፋለን። በአንድ በኩል ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ እናቶችና አባቶች ግን በውስጡ አትሂዱ። በላይ በኩል አብራችሁ የሚሄድ ልጅ እመድባለሁ።

ወደቡ አጠገብ ኻን አል-ዑምዳን አለ። የምሰሶዎቹ ማደሪያ ማለት ነው። ጃዛር በ1784 ያሠራው የነጋዴ ማረፊያ ነው። ከታች ዕቃና ከብት፣ ከላይ ሰው። ምሰሶዎቹ ግራናይት ናቸው፣ ግራጫና ቀይ። ጃዛር ያመጣቸው ከቂሳርያ ፍርስራሽ ነው። ቂሳርያስ ከየት አመጣቻቸው? በሮም ዘመን ከግብፅ፣ ከአስዋን። ከአስዋን እስከ ባሕሩ ደግሞ በዓባይ ላይ በጀልባ ነው የሚጓዘው። የዓባይ ሙላት ከየት ነው የሚመጣው? ከእኛ አገር ተራሮች አይደለም እንዴ? ከጣና በታች ጢስ አባይን ያያችሁ እዚህ አላችሁ። ያንን ምሰሶ ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

ናፖሊዮን በ1799 መጥቶ ሁለት ወር ከብቦ ሳይገባ ተመለሰ። ጃዛር በእንግሊዝ መርከቦች እየታገዘ መለሰው፣ ከጎኑ የነበረው አማካሪውም ኻይም ፋርሒ የሚባል አይሁዳዊ ነበር። አሁን የምታዩት ወፍራም ቅጥር ከዚያ በኋላ የተጨመረ ነው። በእንግሊዞች ጊዜ ደግሞ ምሽጉ ወኅኒ ቤት ሆነ። በግንቦት 1947 እስረኞች ግድግዳው ተደርምሶ ያመለጡበት እሱ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ስለተማራችሁት አልደግመውም።

አሁን ሁለተኛው። ወደ እኔ ሥራ።

ዓኮ የተሠራችበት ድንጋይ ኩርካር ይባላል። የባሕር ዳር አሸዋ በብዙ ሺህ ዓመት ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ ነው። ለመሮ ይታዘዛል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ዓይን ስላለው ውኃ ይጠጣል። ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። ድንጋዩ ጨዋማውን እርጥበት ይጠጣል። ፀሐይ ሲወጣ ውኃው ይተናል። ጨውስ? ጨው አይተንም። እዚያው ዓይኑ ውስጥ ይጠጥራል፣ ያድጋል፣ የአሸዋውን ቅንጣት ከውስጥ ይገፈትረዋል። አንድ ቀን በእጃችሁ ስትነኩት ዱቄት ሆኖ ይወርዳል።

የጥንት ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር። ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል። ውኃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ይፈላል። ሲሰክን እንደ አይብ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ፣ ከአየሩ ጋዝ እየሳበ ቀስ ብሎ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከድንጋዩ ግን ይለሰልሳል። እርጥበቱ በድንጋዩ ሳይሆን በኖራው በኩል ይወጣል። ጨውም ከውኃው ጋር ወደ ኖራው ይሄዳል። የሚበላው ኖራው ነው። ኖራውን በየጊዜው ታድሱታላችሁ፣ ድንጋዩ ይኖራል። ሲሚንቶስ? ሲሚንቶ ይጠነክራል። ውኃ አያሳልፍም። መውጫ ሲዘጋበት ውኃው በድንጋዩ ይወጣል። ያኔ የሚበላው ድንጋዩ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። በጥፋት ነው የተማርኩት። ልንገራችሁ።

ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር በቀን ሥራ እሠራ ነበር። በአሮጌው ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት ላከኝ። የባሕሩ ነፋስ ቀጥ ብሎ የሚመታው ቤት ነው። አሁን እኔ እሳቸውን «ኻልቲ» ነው የምላቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው። የሳሎናቸው ግድግዳ ከታች ተፈርፍሮ ነበር። ሲሚንቶ አቦካሁ፣ በካዙላ ደፈንኩት፣ ቀጥ አድርጌ ለሰንኩት። በሁለት ቀን ጨረስኩ። ኻልቲ ሄል ያለበት ቡና አፈሉልኝ፣ መረቁኝ። ኮርቼ ወጣሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አገኙኝ። እጄን ያዙ። አልተቆጡም። «ና እይ» ብለው ወሰዱኝ። እኔ የደፈንኩት ሲሚንቶ እንዳለ አለ፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። በዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን የለም። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ ዱቄት ሆኖ ወለሉ ላይ ተከምሯል። ኻልቲ በየጠዋቱ ይጠርጉታል። ሲሚንቶዬ ብቻ እንደ ጥርስ ወጥቶ ቀርቷል። «ልጄ፣ ግድግዳዬን አፈንከው» አሉኝ። ከዚያ ባላቸው በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ኖራ ይቀቡት እንደነበር ነገሩኝ። በባልዲ እንዴት እንደሚያሳድሩት፣ ስንት ቀን እንደሚያቆዩት፣ ሁሉንም ነገሩኝ።

እኔ ምን ልበል? ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ሲሚንቶውን በመሮ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የተበላውን ድንጋይ በሌላ ኩርካር ተካሁ። መጋጠሚያውን በኖራ ሞላሁ፣ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ ነው የጥገና ሥራ ልማር ብዬ የተመዘገብኩት። አሥራ ስድስት ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

አሁን አባቴ ወዳለው ልመለስ። «ይኼ እኮ የጎንደር ነው።» የጎንደር ግንቦች በምን የተሠሩ ናቸው? በድንጋይና በኖራ። ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁርና ከእሱም በኋላ፣ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ርስት ተነፍገው በእጃቸው ሙያ ያደሩ ሰዎች። ቄሶቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አያቴ ግንበኛ ነበሩ። ኖራ የነካ እጅ ምን እንደሚመስል አባቴ ከሳቸው ያውቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይነጣል። ዓኮ ላይ መዳፉ የነካው የሚያውቀውን ነገር ነው።

እዚያም የሆነውን ስሙ። ጣሊያኖች ጎንደርን በያዙ ጊዜ ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኑ። ኋላ ያንን አውጥቶ በኖራ መመለስ አስፈለገ። እኔ በኻልቲ ሳሎን ያደረግኩትን ጥፋት እነሱ በቤተ መንግሥት ላይ አደረጉት። አንድ ጥፋት ነው።

እናቶች፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ብዬ ነው። ነገ መስጊዱ ግቢ ስንደርስ ከሥሩ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ እንዳለ ታያላችሁ። እንዲህ ያለውን የውኃ ቦታ የጥንት ሰዎች ሲለስኑ ኖራው ውስጥ የሸክላ ስባሪ ፈጭተው ይጨምሩ ነበር። ሸክላው ሲገባበት ኖራው ውኃ ውስጥም ይጠነክራል። የተሰበረ ገንቦ አይጣልም ነበር ማለት ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ስትሠሩ ያደጋችሁ እናቶች፣ የልስኑ ስባሪ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ምን እንደሆነ ለልጆቹ እናንተ ንገሯቸው። እኔ ዝም እላለሁ።

ሦስተኛው አጭር ነው፣ ግን እባካችሁ ስሙኝ።

ዩኔስኮ በ2001 አሮጌውን ዓኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅርስ ሲባል ሰው ሙዚየም ይመስለዋል። ሙዚየም አይደለም። ሰው ይኖርበታል። አብዛኛው ዓረብ ነው። በ1948 እስራኤል ስትመሠረት በነበረው ጦርነት ብዙ ሰው ከተማውን ለቅቆ ሄደ። ዛሬ ካሉት ቤተሰቦችም ብዙዎቹ ከሌላ መንደር ተፈናቅለው የገቡ ናቸው። ብዙዎቹ የቤቱ ባለቤት ሳይሆኑ ተከራይ ናቸው። የጥንት ቤት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት አይችሉም። በኖራ ማሠራት ደግሞ ከሲሚንቶ ይወደዳል። ግድግዳው ሲያዥ ልጃቸው ያስላል። ታዲያ ሲሚንቶ ደፈኑ ብለን እንፍረድባቸው? እኔ አልፈርድም። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው የሚጠበቀው። እሳት የሚነድበት፣ በሩ የሚከፈትና የሚዘጋ ቤት። ሰዎቹ ሲወጡና ቤቱ ሲዘጋ፣ በሦስት ክረምት ውስጥ ጣሪያው ይወርዳል። አይቻለሁ። ጥገና ሲባል መጀመሪያ ለነዋሪው ነው የሚታሰበው፣ ይህን አምናለሁ፣ በሥራ ስብሰባም እናገራለሁ።

አገር ጥሎ መምጣት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ነገ በሰው በር ላይ ቆመን በመስኮት አንመልከት። ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችን ፎቶ አናንሣ። ሰላምታ እንስጥ። ገበያው ውስጥ ከነሱ እንግዛ።

እንግዲህ ስለ ነገ። አውቶቡሱ ሰባት ተኩል ላይ እዚሁ አዳራሽ ፊት ለፊት ይቆማል። በኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ተኩል የምትሉት ነው፣ እንዳትሳሳቱ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ነገ ዓርብ ነው፣ የእነሱም የጸሎት ቀን ነው፣ ስለዚህ መስጊዱን በጠዋት አይተን እንወጣለን። ሰንበት ሳይገባ ሁላችሁም ቤታችሁ ናችሁ።

የመጨረሻው ቦታችን የባሕሩ ቅጥር ነው። እዚያ አምስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ። ማንም አይናገርም፣ እኔም አልናገርም። መዳፋችሁን ድንጋዩ ላይ አድርጉ። መጋጠሚያውን በጣታችሁ ተከተሉት። ለስላሳና ነጣ ያለ ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫና ጠጣር ከሆነ ሲሚንቶ ነው። እጃችሁን ስታነሡ ጣታችሁ ላይ የአሸዋ ዱቄት ከቀረ ግን ቦታውን ጠቁሙኝ። እሑድ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።